ሞላ ፍለጋ፦ ከጭሮ እስከ መቻራ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጭሮ

ሦስት ሆነን ተነሣን፦ ጋሼ ደስታ፣ እኔና ኤም ዋኑ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በቀበሌው ታይፕ የመታሁት እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ ማህተም አሳርፎበታል። «አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ዘበኛና አንድ ጸሐፊ ለጥገና ስለሚንቀሳቀሱ ትብብር ይደረግላቸው» ይላል። ከሦስታችን የሚጠገነው የትኛው እንደሆነ አይገልጽም።

ጋሼ ደስታ የአክስቴ የብርቄ ባል ነው፤ የቀበሌው ዘበኛ። ጠመንጃው ከንጉሡ ጦር ለአብዮቱ የተረፈ አሜሪካ ሠራሽ ነው። ለማያውቅ ልንገር፦ ኤም ዋን ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ እንደታቀፈ ይጎርሳል። ከዚያ በኋላ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው፤ ራሱ ቀለሃውን ይተፋል፣ ራሱ ቀጣዩን ይጎርሳል። ስምንተኛው ሲያልቅ ባዶው ማቀፊያ «ቅጭል!» ብሎ ወደ ሰማይ ይዘላል። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ግን የጋሼ ደስታ ኤም ዋን አንዱን ተኩሶ ሁለተኛውን ነከሰ። ብረቱ ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ መሐል መንገድ ላይ ቆመና ጥይቱን ነክሶ ያዘው።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ቅዳሜ የአውራጃው ጓዶች ይመጣሉ። ስምንቱንም ካልተኮሰ እኔ አይደለሁም፣ እነሱ ናቸው ስም የሚያወጡለት። አሻጥር ይሉታል።»

ያቺ ቃል ዘንድሮ ቀላል ቃል አይደለችም። ከስሙ ጎን የተጻፈችበት ሰው ማታ እቤቱ ላይገባ ይችላል። ጋሼ ደስታ ከማክሰኞ ጀምሮ ምግብ አይወርድለትም። ጎረቤቶች ግን ሁዳዴ ስለሆነ ጾሙን አጠበቀ ብለው አደነቁት።

መነኻሪያው ብርድ ነው። ከተራራው የወረደው ጉም የጫት ጫኞቹን እግር ሸፍኖታል፤ ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚሄዱ ይመስላሉ። ረዳቱ ኤም ዋኑን እንዳየ ሁለት ሰው ከፊት ወንበር አስነሣልን። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ነው የሚቀመጠው። ጠመንጃው እንደማይሠራ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ።

ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ግማሽ ላይ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ከኋላ ተቆጡ።

«ኧረ በሥላሴ! በጾም ወጥ የሚሸተን ማነው?»

«እማማ፣ አምሮዎት ነው» አላቸው ጫት ያቀፈ አንድ ጎረምሳ። «እኔ አልጾምም፣ ለእኔም ሸቶኛል እኮ!» አለች ከጎኑ ያለችው፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ተራራ ማየት ጀመርኩ።

ያው ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ ሚኤሶ

ሚኤሶ ምድጃ ነው። ሐዲዱ ላይ እንቁላል ቢሰብሩበት ይበስላል። ግመሎቹ እንኳ ጥላ ይጋፋሉ። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፤ ከነዝንቡ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሙሳ የሚባል ብረት ሠራተኛ አለ ተብለን ነው የመጣነው። ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሙሳ አማርኛ ሲናገር ለሁሉም «አንተ» ነው፤ ለጋሼ ደስታም፣ ለጠመንጃውም።

«ምን ሆነ?»

«ይነክሳል» አለ ጋሼ ደስታ።

«ጠመንጃ ጥርስ የለው። የት ጋ ነው የሚነክስ?»

ማስረዳት እወዳለሁ፤ ገጣሚ ነኝና። ጥይት እንደሌለው አየሁ፣ ብረቱን ወደ ኋላ ስቤ አቆምኩትና አውራ ጣቴን ከተትኩ። «ጥይቱ እዚህ ጋ ሲደርስ፣ ብረቱ ቀስ ብሎ ይመጣና…»

ቀጭ!

ቀስ ብሎ አልመጣም። ጠዋት ጭሮ ላይ እንደ ሽማግሌ እየተንቀረፈፈ የተመለሰው ብረት፣ ሚኤሶ ላይ እንደ በር ተወርውሮ አውራ ጣቴን ቀረጠፈው። የጮህኩት ጩኸት በግጥም አይገባም።

«አሁን ነከሰ» አለ ሙሳ፣ በጣም በእርጋታ።

ጣቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሳለሁ ሙሳ ብረቱን አሥር ጊዜ ሳበ፣ አሥር ጊዜ ተመለሰ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «ወላሂ ምንም የለበትም! ይሄ ጤነኛ ነው። የታመመው አንተ ነህ» አለው ጋሼ ደስታን። ጋሼ ደስታ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሁለት ሳህን ሽሮ አዝዞ ሁለቱንም ራሱ በላ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እንደገና ጭሮ

ደስታችን ዳገቱን አልወጣም። መነኻሪያው ጀርባ ላይ በቀዝቃዛው ነፋስ ጋሼ ደስታ ብረቱን ሳበው። ብረቱ ተመለሰ፤ ግን እያሰበ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ሐሳቡን ቀየረና ቆመ።

«ሞላው ነው» አለ ጋሼ ደስታ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ። «ወደ ፊት የሚገፋው ሞላ አርጅቷል። አንዴ ጉልበት አለው፣ አንዴ የለውም። እንደ እኔ።»

ስለዚህ አዲስ ሞላ፤ አዲስ ከሌለ አሮጌ ሆኖ ጤነኛ የሆነ።

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፣ በደሳ

በደሳ ዛሬ ገበያ ነው። ቡና በኩንታል፣ ጫት በእስር፣ ብርቱካን በቁልል፣ አህያ በጆሮዋ ተይዛ። የተሳፈርንበት ላንድሮቨር እንደቆመ ዜናችን ቀድሞን ወረደ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ ሞላ ይፈልጋል። ወዲያው አንድ ወፍራም ነጋዴ ከሱቁ ስር የተጠቀለለ ሽቦ አወጣ።

«የኤም ዋን ነው፣ ወላሂ!»

ጎተትኩት። እንደ ማስቲካ ተለጠጠና በዚያው ቀረ። ጫፉ ላይ የፍራሽ ጨርቅ ክር ተንጠልጥሏል።

«ይሄ የአልጋ ሞላ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ጠመንጃው አይተኛም?»

በዚህ መሐል ዘይነባ የምትባል ብርቱካን ሻጭ፣ ገበያው በሙሉ የእሷ የሆነ ይመስል፣ ጣልቃ ገባች። «ኤም ዋን ሞላ ነው የምትፈልጉት?»

«አዎ፣ የኤም ዋን ሞላ!»

«ጂራ!» አለች፤ አለ ማለቷ ነው። «መቻራ ነው ያለው። ማን የማያውቀው!»

ጋሼ ደስታ ክንዴን ጨበጠኝ። «አሮጌ ነው?»

«አሮጌስ አሮጌ ነው። ግን ብረት ነው።»

«አንድ ብቻ ነው ያለው?»

«አንድ ነው። እንደሱ ያለ በዚህ አገር ከየት ይገኛል!»

«ይሠራል? አልደከመም?»

ዘይነባ ብርቱካኑን እየደረደረች አሰበች። «በጠዋት አይሆንለትም። ይጠጥራል። ፀሐይ ከሞቀው በኋላ ግን አንደኛ ነው።»

ጋሼ ደስታ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ያው የእኛው በሽታ ነው ያለበት» አለ። ቢሆንም ሌላ ምርጫ የለም። ቡና ሊያመጣ ባዶውን የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣን።

ወደ መቻራ፣ ከሰዓት

ይህን መንገድ መንገድ ያለው ሰው ሄዶበት አያውቅም። መኪናው አይሄድም፤ ይዋኛል። ቡናው ዳር ዳሩን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ከስሩ ያሉ ሴቶች ቀና ብለው ያዩናል፣ በአቧራችን ይጠፋሉ፣ ሲስሉ ይሰማናል። ሾፌሩ መሐመድ ጋቢና ውስጥ መሐላችን የቆመውን ኤም ዋን በአፍንጫው እያመለከተ፣ «ሽማግሌው፣ ይሄ ነገር ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚሸት?» አለ።

«ባሩድ ነው» አለ ጋሼ ደስታ በኩራት።

«ባሩድ ኮረሪማ አለው እንዴ?»

አውራ ጣቴ ታምቡር ይመታል። እኔም አንድ ነገር ማስታወስ ጀምሬያለሁ፤ ግን ለማስታወስ አልቸኮልኩም።

ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መቻራ

የደረስነው መሽቶ ስለነበር አድረን ነው የወጣነው። «ኤም ዋን ሞላ» ብለን የጠየቅነው የመጀመሪያው ሰው ወደ ቡና ማከማቻው ጠቆመን። በሩ ላይ፣ ፀሐይ በምትመታው ግድግዳ ተደግፈው፣ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

«ሞላ ፈልገን ነበር» አለ ጋሼ ደስታ።

«ተቀመጡ» አሉ ሽማግሌው።

«የለም፣ እንቸኩላለን። ሞላው የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚህ ነው የሚቀመጠው። ፀሐይ እስኪሞቀው ድረስ አይነሣም።»

ጋሼ ደስታ ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ወደ ማከማቻው አጮለቀ። «አውጥተው ሊያሳዩን ይችላሉ?»

«ማንን?»

«ሞላን!»

«ሞላ እኔ ነኝ!» አሉ ሽማግሌው በቁጣ። «የአሥር አለቃ ሞላ። ኤም ዋን ይሉኛል። ምን ልታደርጉኝ ነው?»

ጋሼ ደስታ ጠመንጃውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንድ ቀን ሙሉ ተንጠን፣ ለቅዳሜ አንድ ቀን ቀርቶን፣ የመጣነው ሞላ ከሚባሉ ሰው ጋር ለመተዋወቅ ነው። እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ ማቆምም አቃተኝ። ጋሼ ደስታ በጉልበቱ ጎሸመኝ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ተረከላቸው፦ የነከሰውን ጥይት፣ ሚኤሶን፣ ቅዳሜን፣ ያቺን ቃል። ቃሏ ላይ ሲደርስ እንደ ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሳቄም እዚያው ሞተ።

የአሥር አለቃ ሞላ ወደ ጠመንጃው እጃቸውን ዘረጉ። ኮሪያ የዘመቱት ከዚሁ ዓይነት ጠመንጃ ጋር ነው፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን ሳቡ፣ መለሱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሁለት ሦስቴ አነቀነቁና ብረቱን ከእንጨቱ ለያዩ። ሞላውን አውጥተው ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ካወጡት ሌላ ሞላ ጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። እኩል ናቸው። አንከባለሉት፤ ቀጥ ብሎ ተንከባለለ።

«ሞላህ አላረጀም። ያረጀ ሞላ ያጥራል፣ ይጎብጣል። ይሄ ከእኔ ይሻላል። ገበያ ላይ መለወጫ ብትገዛ ኖሮ ደህናውን አውጥተህ የአልጋ ሽቦ ታስገባበት ነበር።» ቀጥለው ማቀፊያውን አነሡ። «ይሄ ከንፈሩ ተጣምሟል። ጥይቱን ለማውጣት ስትታገል በካቻቪቴ ፈልቅቀኸዋል?»

«ፈልቅቄዋለሁ» አለ ጋሼ ደስታ።

«እሱ ይለወጣል። ዋናው በሽታ ግን…» ጣታቸውን ብረቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ላይ አሳልፈው አዩት። ቢጫ ነው። አሸተቱት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። እንደገና አሸተቱት።

«ኮረሪማ» አሉ። «ኮሰረት። አብሽ።» ጠመንጃውን ከፊታቸው አራቁት። «ሰውዬ፣ ጾሜን ልታስገድፈኝ ነው? ይሄ እኮ ንጥር ቅቤ ነው!»

«ዘይት ነው!» አለ ጋሼ ደስታ። «የመንግሥት የጠመንጃ ዘይት ነው። ዓይኔ ቅርብ አያይልኝም፣ ቀብተህ አምጣ ብዬ ለዚህ…»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ለማስታወስ ያልቸኮልኩት ነገር ደረሰ።

ምን ልበል? የቀበሌው ታይፕ ፊደሎች ተጣብቀው ነበር። «ጠ»ን ስመታ «ጨ» አብራ ትነሣለች። ግጥሞቼን መምታት ፈልጌ የጠመንጃውን ዘይት ታይፑ ውስጥ አፈሰስኩት፤ አንድም ጠብታ አልቀረም። ጠመንጃው ደርቆ እንዳይታይ ደግሞ፣ የአክስቴ የብርቄ ቅቤ ጾም ስለገባ ማሰሮው ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ብረቱንም እንጨቱንም አጠገብኩት። እንዴት ያበራ እንደነበር! ሊቀመንበሩ ራሱ አመስግኖኛል።

«ቅቤ በቆላ ይቀልጣል፣ በደጋ ይረጋል» አሉ የአሥር አለቃ ሞላ ለራሳቸው እንደሚነግሩ። «ኮሪያ በረዶ ላይ ዘይታችን ረግቶ እንዲሁ ነክሶን ያውቃል። የዶሮ ወጥ ሽታ ግን አልነበረውም።»

ጋሼ ደስታ አላየኝም። መሬቱን እያየ፣ «አሳስረኸኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የአሥር አለቃ ሞላ ብረቶቹን አንድ በአንድ በነጭ ጋዝ ማጠብ ጀመሩ። እኔን በአገጫቸው ጠሩኝ። «ና እዚህ፣ ጨርቅ ያዝ። ዘይቱን የጠጣውን ግጥም እስቲ በለው።»

«አሁን?»

«እሱ ሊታሰርበት የነበረውን ነገር ይስማው እንጂ።»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ አልኩት፦

ጭሮ ሆይ ተራራሽ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣
መንገድሽ በጠዋት በስሜ ጠርቶኛል፤
ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ብጠይቀውም፣
ዳገትሽ ዝም አለኝ፤ ምንም አይገደውም።

የአሥር አለቃ ሞላ እጃቸው ቆመ። «ሦስተኛው ላይ ነከሰ» አሉ።

«ምን?»

«ሁለቱ ጥሩ ወጡ፣ ሦስተኛው ላይ ነከሰ። ‹ደግሜ ደጋግሜ› ምን ያደርጋል? ሁለት ጥይት በአንዴ ማጉረስ ነው። አውጣቸው።»

አወጣኋቸው። «ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ብጠይቀውም።» ሰተት ብሎ አለፈ። ቀጭ። ጋሼ ደስታ ሳይፈልግ ከአፉ ዳር ፈገግታ አመለጠችው፤ እኔም መጥረጉን በጉልበት ቀጠልኩ።

ሲጨርሱ ቦዩን በጣት ጫፍ ግራሶ ቀቡት፤ ትንሽ ብቻ። ብረቱ በመቻራ የጠዋት ብርድ «ቀጭ!» ብሎ ተመለሰ። ከሣጥናቸው አንድ ማቀፊያ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ትንሽ አቆዩት። «ይሄ ከእኔ ጋር ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ነው። ለቅዳሜ ውሰዱት። ግን ይመለስ።» ጠመንጃውን ሲያስረክቡ እንጨቱን መታ መታ አደረጉት። «ብረቱን አጥቤዋለሁ። እንጨቱ ግን ጠጥቷል፤ እሱን ምንም ማድረግ አልችልም። ሲሞቅ ያወራል፤ ተጠንቀቁ።»

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት፣ ጭሮ

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ። ሊቀመንበሩ፣ የየቀበሌው ዘበኞች፣ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ ከአውራጃው የመጣ ካኪ የለበሰ ካድሬ። የካድሬው ደብተር ክፍት ነው። ጋሼ ደስታ ተራው ሲደርስ በደረቱ ተኛ። ሰደፉን ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ አመቻቸ። የእኔ አውራ ጣት አብጦ ብርቱካን አክሏል።

አንድ። ቀለሃው ዘለለ።

ሁለት። እዚህ ጋ ነበር። አለፈ።

ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከንፈሬ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ይላል፤ ያለ ደግሜ፣ ያለ ደጋግሜ። ስድስት። ሰባት። ስምንት።

ቅጭል!

ማቀፊያው በፀሐይ እያብለጨለጨ ዘለለ። እኔ እንደ ውሻ ሮጬ ከሣሩ ውስጥ አነሣሁት፤ ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ እጁን አጨበጨበ። ጋሼ ደስታ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ከዚያ በኋላ ነው እንጨቱ መናገር የጀመረው።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በግልጽ። ከጋለው ብረት ስር፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ የነጠረው ቅቤ፣ በሜዳው ላይ እንደ ምሳ ጥሪ ተነሣ። ሰልፉ በሙሉ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ካድሬው ብዕሩን ከደብተሩ ላይ አነሣ። አፍንጫው ተነፋ። ወደ ጋሼ ደስታ ሁለት እርምጃ መጣ፣ ሦስት። ጠመንጃው ላይ ደርሶ ሊያጎነብስ ነው። ጋሼ ደስታ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማነው» አለ ካድሬው፣ ረሃብ ባለበት ድምፅ፣ «በሁዳዴ ቅቤ የሚያነጥረው?»

ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ርዝራዥ ነው ብሎ ባለፈው ሳምንት ለሁለት ሰዓት ያስተማረን ይኸው ሰው ነው። ጾም ይሁን ፋሲካ አያውቅም ተብሎ ይታሰባል። ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ። ዘበኞቹ ሰማዩን አዩ። ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት፣ የአውቶቡሷ ናቸው መሰለኝ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

ካድሬው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ማለቴ… በዚህ ወቅት» አለ። ከዚያ ደብተሩ ላይ በፍጥነት ጻፈና ዘጋው። «ጠመንጃው ጤነኛ ነው። ቀጣይ!»

ማቀፊያውን ግጥሙን በመታሁበት ወረቀት ጠቅልዬ፣ ዓርብ ከቡናው ጋር ጭሮ አድርሶን ከሰዓት ወደ መቻራ ለሚመለሰው ለመሐመድ ሰጠሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰረዝ የለም፤ እንደ አዲስ ነው የመታሁት። «ጠ»ም «ጨ»ን ሳታስከትል ብቻዋን ተነሥታለች።

እቤት ስንደርስ አክስቴ ብርቄ ማሰሮውን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«እኔ የምለው፣ ቅቤዬ ግማሽ ደርሷል። በዚህ ቤት ጾሙን የገደፈ ማነው?»

ጋሼ ደስታ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ያበጠውን አውራ ጣቴን ከኋላዬ ደበቅኩ። ከዚያ ኤም ዋኑን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ ሰቀለና በአገጩ አመለከታት።

«እሱ» አላት።